ዘንዶው ዘንዶ ሆኖ ይቆይ

በአማርኛ የሚጻፍ የፋንታሲ ግጥም ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ነው። በመጀመሪያው ስንኝ ዘንዶ ይመጣል። በሁለተኛው እሳት ይተፋል። በሦስተኛው ገጣሚው ትዕግሥት ያጣና ዘንዶው ድህነት መሆኑን፣ ወይም ጦርነት መሆኑን፣ ወይም የቀድሞ ፍቅረኛው መሆኗን ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ያለው ስብከት ነው። ዘንዶውን የሚፈራው አይኖርም፤ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስፈራው የሚጠይቅም የለም።

ጎጃም ውስጥ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ አንባቢው የቅኔ አገር ሰው ነዋ። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ እዚሁ ናቸው፤ ሦስተኛው ዋድላ ነው። ጉባኤ ቤት ገብቶ ግስ ያልወረደው ሰው እንኳ ግጥም ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወርቁ የታለ?» ብሎ ነው። ገጣሚውም ይህን ስለሚያውቅ ሰሙን ለማቅለጥ ይቸኩላል። እኔ ግን የቅኔ ልማድና የፋንታሲ ግጥም ይጣላሉ ብዬ አላምንም። የሚያጣላቸው ከቅኔው መንገዶች ውስጥ የማይስማማውን መምረጥ ነው።

ፋንታሲ ስል የማወራው የራሱ ምድር፣ የራሱ ታሪክና የራሱ ሕግ ስላለው ዓለም ነው። ጅብና ቀበሮ እንደ ሰው የሚነጋገሩበት ተረት ሌላ ነው፤ እሱ የእኛን መንደር ለአፍታ ተውሶ ምክሩን ሰጥቶ ይሄዳል። ፋንታሲ የሚፈልገው ዓለሙ ግጥሙ ካለቀ በኋላም እንደቆመ እንዲቀር ነው።

እንግዲህ መንገዶቹን እንያቸው። ሰምና ወርቅ በጠባቡ የቅኔ ትርጉሙ ሲወሰድ፣ ሰሙም ወርቁም ጎን ለጎን ስማቸው ይጠራል። «የረሃብ ዘንዶ ጎተራውን ዋጠ» ቢባል ወርቁ ረሃብ፣ ሰሙ ዘንዶ ነው፤ ሁለቱም ተነግረዋል። ለውዳሴና ለተግሣጽ ግሩም መንገድ ነው። ለፋንታሲ ግን መርዝ ነው፤ «የረሃብ» የሚለው ቃል ገና ሲጠራ ዘንዶው አለቀ። ኅብር ከዚህ ይለያል። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይሸከማል፣ ስንኙም በሁለቱም ፍቺ ሳይሰበር ይነበባል። ውስጠ ወይራም ላዩ ሙሉ ነገር ሆኖ ውስጡ ሌላ ነገር ያዘለ ነው። የፋንታሲ ገጣሚ ከነዚህ ከሁለቱ ጋር ቢወዳጅ ይሻለዋል። በሁለቱም ሰሙ በራሱ እግር መቆም ይችላል፤ ወርቁን ያላየ አንባቢ እንኳ ሙሉ ታሪክ ይዞ ይሄዳል። እነሆ አንድ ምሳሌ፦

ቃሉን ለምን ሰማሽ ከጢስ ስር ሲጣራ
አባይ እንደሆነ ያውቅ ነበር ተራራ

ላዩን ሲነበብ ከፏፏቴው ጢስ ስር ሰው የሚጣራ የወንዝ መንፈስ አለ፤ አንዲት ሴት ሰምታዋለች፤ የጠሪውን ማንነት የሚያውቀው ተራራው ብቻ ነው። ውስጡን ሲነበብ አባይ ውሸታም ነው፣ ቃሉ የተስፋ ቃል ነው፣ ሴትዮዋም ተታልላለች። ሁለተኛው ንባብ የመጀመሪያውን አያፈርሰውም። እዚህ ላይ ጥቃቅን የምትመስል ግን የምታበላሽ ነገር አለች፦ ወንዙን ብዙ ሰው በዓይኑ «ዓ» ይጽፈዋል። ገጣሚው «ዓባይ» ብሎ ከጻፈ ፊደሉ ራሱ አንዱን ፍቺ መርጦ ሌላውን ዘጋ ማለት ነው። ኅብረ ቃሉ ያረፈበትን ቃል ሁለቱም ፍቺዎች በሚጋሩት ፊደል መጻፍ ያስፈልጋል።

ዓለሙን ራሱን እንዴት እንሥራው? ከካርታና ከነገሥታት ዝርዝር የሚጀምር ገጣሚ ብዙ አይራመድም፤ ግጥም ያን ሁሉ የሚሸከምበት ቦታ የለውም። ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ አንድ ሕግ፣ የሕጉ ዋጋ፣ ዋጋው ሲከፈል ያየ ምስክር። ይህን አሠራር ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዘጌ ላይ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምክንያት መሬቱ በሞፈር አይታረስም፤ ሕዝቡ ከቡና፣ ከጌሾና ከሎሚ ይኖራል። ሕግ አለ፣ ዋጋ አለ፣ ምስክሩ ደግሞ ዛሬም ድረስ የቆመው ደን ነው። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ፣ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሰዎች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፣ ከእስር ሲመለሱ ውሃው ሳያበላሽ መለሰላቸው ተብሎ ይተረካል። ግልገል ዓባይ ጣናን ሲያቋርጥ ከሐይቁ ውሃ ጋር አይቀላቀልም ይባላል። ወንዙ ራሱ ከዔደን የሚወጣው ግዮን ነው ተብሎ ይታመናል፤ ከጣና ከወጣ በኋላ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ስለሚያልፍ ካርታውን ለሚመለከት ሰው አገሩ በውሃ የታጠረ ግዛት ይመስላል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። እነዚህ ለብዙ አንባቢ እምነት ናቸው፤ የልብ ወለድ መለዋወጫ አይደሉም። ጻድቁን ወስዶ አስማተኛ ማድረግ አንባቢን ያስከፋል፣ ግጥሙንም ያሳንሳል። መዋስ የሚገባው አሠራሩን ነው፦ ውሃ አደራ ይቀበላል፣ አደራውንም በጊዜው ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ውሃ፣ ሌላ አደራ፣ ሌላ ሰው መፍጠር የገጣሚው ሥራ ነው።

እስቲ አንዱን ከመጀመሪያው እንሥራ። ሕጉ፦ በጮቄ ተራራ ጉሙ ባለቤት አለው፤ ዝናብን በሰው ጥላ ይለውጣል። ዋጋው፦ ጥላውን የሰጠ ሰው መልሶ አያገኛትም። ምስክሩ፦ የገዛ ልጁ። ይህን በተራ ንግግር በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማስቀመጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሦስቱን መጻፍ ያቃተው ሰው ገና የሚገጥመው ነገር የለውም። ቀጥሎ ከሕጉ ውስጥ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል መፈለግ ነው። እዚህ ቃሉ በእጃችን ነው፤ ጥላ ፀሐይ የምትጥለው ነው፣ የአባት ከለላም ነው፣ «ጥላ ቢስ» ደግሞ ሞገስ የሌለው፣ ሰው ዓይን የማይሞላ ማለት ነው። ከዚያ ስንኙ ይመጣል፦

ጮቄ ላይ ጉም ቆሞ ዝናብ የጠፋ ለት
ጥላዬን ሰጠሁት ለጉሙ ባለቤት
ዘነበ ለማሳው ገብሱም አሸተልኝ
ልጄ ግን በጠዋት ጥላ ቢስ አለችኝ

ልኩ የወል ቤት ነው፦ በስንኝ 12 ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ቁራጭ)፣ መካከል ላይ ዕረፍት፣ ግራና ቀኝ ስድስት ስድስት። «ጮ-ቄ-ላይ-ጉም-ቆ-ሞ» ስድስት፤ «ዝ-ናብ-የ-ጠ-ፋ-ለት» ስድስት። ቀለም የሚቆጠረው በድምፅ ነው። «ላይ» ሁለት ፊደል ነው፣ አንድ ቀለም ነው። «ጠዋት» ሁለት ቀለም ሲሆን «ጧት» አንድ ነው፤ በአራተኛው ስንኝ «በጧት» ብንል የግራው ሐረግ አምስት ብቻ ሆኖ ያነክሳል።

«በጠዋት» የተባለው ለቁጥሩ ብቻ አይደለም። «በቀትር» ብንልም ቁጥሩ ይሞላል፣ ለጆሮም ይጥማል። ግን በቀትር የማንም ሰው ጥላ ከእግሩ ስር ይሰበሰባል፤ ልጅቱ የአባቷን ጥላ ማጣት ልታስተውል አትችልም። በጠዋት ግን የሰው ሁሉ ጥላ ማሳውን አቋርጦ ሲዘረጋ የአንዱ ብቻ ከሌለ ወዲያው ይታያል። ፋንታሲ የተፈጥሮን ሕግ አንድ ቦታ ላይ እንዲያጥፍ ይፈቀድለታል፤ በቀረው ሁሉ ከእረኛ የበለጠ ጠንቃቃ መሆን አለበት። ገብስ የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጮቄ ከፍታ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ በላይኛው አፋፍ የሚታየው ጓሳና ጅባራ ነው፣ ዝቅ ሲል ገብስና ድንች። እዚያ ላይ ጤፍ ያበቀለ ገጣሚ ጉሙን የሚያምንለት የአካባቢው አንባቢ አያገኝም።

ጅባራን ካነሳን አይቀር፦ ባዶ አፋፍ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ በጉም ውስጥ ሲታይ ሰልፍ የያዘ ወታደር የሚመስል ተክል በደጃችን እያለ፣ በግጥሞቻችን ውስጥ የጥድ ደንና የበረዶ ቤተ መንግሥት መብዛቱ ይገርመኛል።

ወደ ስም እንሂድ፤ ብዙ ግጥም የሚሰናከለው በዚህ ነው። ፈጠራ ስም ሲወጣ ገጣሚው የሚያየው ማማሩን ብቻ ነው። ፊደላችን ደግሞ ሁለት ነገር ይደብቃል፦ ቃሉ የቱ ጋ እንደሚጠብቅና ሳድሱ ድምፅ ይኑረው አይኑረው። በለመድነው ቃል ጆሯችን ይሞላዋል፤ ተሰምቶ በማያውቅ ስም ግን አንባቢው ይገምታል። «ብሬንዶር» የሚባል ዘንዶ ብንፈጥር አንዱ «ብሬን-ዶር» ብሎ በሁለት ቀለም፣ ሌላው «ብ-ሬን-ዶር» ብሎ በሦስት ያነበዋል፤ ስንኙም በአንዱ አፍ ይሞላል፣ በሌላው ይፈስሳል። «ዋሜራ» ብንለው ግን ማንም ሰው ከሦስት ውጭ ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ የፈጠራ ስም በራብዕ፣ በኃምስ፣ በሳብዕና በግዕዝ ፊደላት ይሠራ፤ ሳድስ ካስፈለገ አንድ ብቻ፣ እሱም አናባቢ ካለው ፊደል በኋላ እንጂ መነሻው ላይ አይሁን። በአንድ አጭር ግጥም ውስጥ ከሁለት በላይ ፈጠራ ስም ካለ አንባቢው መቁጠር ይጀምራል፤ ከሦስተኛው በኋላ ማንበብ ያቆማል።

ስሙ ቤት መምቻ ላይ ከዋለ ሌላ ጣጣ አለ። በ«ራ» የሚያልቅ ስም «ተራራ»፣ «ጎራ»፣ «መከራ»፣ «ሲጣራ» እያለ ወዳጅ አያጣም። በ«ዥ» ወይም በ«ጵ» የሚያልቅ ግን ስንኙን ብቻውን ያስቀረዋል፤ እንዲህ ያለውን ስም ሐረጉ መካከል መደበቅ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት ከመጠን በላይ ቀላል ነው። «ወረደ፣ ነደደ፣ ከበደ» እያሉ ሃያ ስንኝ መሄድ ይቻላል፤ «ነው» በ«ነው» ሲደገም ደግሞ የባሰ ነው። ግሱን ወደ መካከል ገፍቶ ስም መጨረሻ ላይ ማሳረፍ ለስንኙ ክብደት ይሰጠዋል፣ «ያውቅ ነበር ተራራ» እንደተባለው። ይህም ቢሆን በየስንኙ ከተደረገ ንግግሩ የተንጋደደ ይመስላል። በላይኛው ምሳሌ «ለት» እና «ባለቤት» በመጨረሻው ፊደል ብቻ ይገናኛሉ፤ በልማዳችን ያልፋል፣ ግን «ሲጣራ» እና «ተራራ» ከሚሰጡት ድምፅ ጋር ሲነጻጸር ሳሳ ያለ ነው።

ፋንታሲ ውስጥ ብዙ አፍ ይናገራል፤ ሁሉም በየወል ቤት ከተናገረ ጠንቋዩም ንጉሡም አንድ ሰው ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ አፍ የሚሆን ልክ አገሩ ላይ አለ። ለድግምት የቡሄ በሉ ቤት ይስማማል፤ ስምንት ቀለም፣ አራት አራት፣ ፈጣንና ተደጋጋሚ፦

ጉም ሆይ ውረድ ጉም ሆይ ተኛ
ሌሊት ይሁን ለበረኛ

ድግምት ትእዛዝ ነው እንጂ መግለጫ አይደለም፤ «ውረድ፣ ተኛ፣ ይሁን» የሚሉትን ግሦች አውጥቶ «ጉሙ ወረደ» ብሎ መጻፍ ኃይሉን ያጠፋዋል። ለጀግናው ፉከራ አለለት፤ «ዘራፍ» ብሎ ይነሳል፣ የአባቱን ስም ይጠራል፣ የጣለውን ይቆጥራል። ለሞተ ንጉሥ ሙሾ ነው፤ አልቃሽ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፣ ፈረሱን፣ ጋሻውን፣ ባዶ ወንበሩን ታነሳለች እንጂ «ታላቅ ነበር» ብላ አታጠቃልልም። ሰንጎ መገን፣ አምስት አምስቱ፣ በዚህ መካከል ለትረካ ያገለግላል፤ እኔ ግን ከየወል ቤት ይልቅ ቶሎ የሚያደክም ሆኖ አገኘዋለሁ።

አውሬን ለመግለጽ ከሁሉ የተሻለው ትምህርት ያለው መልክእ ውስጥ ነው። መልክእ ቅዱሱን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር አካል በአካል እየጠራ «ሰላም ለ» እያለ ያወድሳል፤ ለእያንዳንዱ አካል አንድ ባለ አምስት ቤት፣ ማለትም ባለ አምስት ስንኝ፣ አርኬ። ቃሉን ለአውሬ መዋስ ነውር ነው። ቅደም ተከተሉ ግን የማንም ዓይን ሊማረው የሚገባ ነው፦ ቀንዱ፣ ዓይኑ፣ ጉሮሮው፣ ደረቱ፣ ክንፉ፣ ጥፍሩ፤ ለአንዱ አካል አንድ ሥራ። ዓይኑ ምን ያያል? ጉሮሮው ውስጥ ያ ሁሉ እሳት እያለ ለምን አይቃጠልም? ለዚህ መልስ ያለው ገጣሚ ዘንዶው በሦስተኛው ስንኝ አይሞትበትም።

የቅኔ ቤት ሌላም የሚጠቅም ሥርዓት አለው። ተማሪው በባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ባለ ሦስቱ ዘአምላኪየ፣ ባለ አምስቱ ዋዜማ፣ ባለ ስድስቱ ሥላሴ፣ እያለ ወደ ባለ ስምንቱ መወድስ ይወጣል። የፋንታሲ ገጣሚም በዚህ መሰላል ቢሄድ ይጠቀማል። ሕጉን መጀመሪያ በሁለት ስንኝ ይግጠም። ሁለቱ ብቻቸውን ካልቆሙ ስምንት ማድረግ አያድናቸውም፤ ከቆሙ ግን ሦስተኛው ዋጋውን፣ አምስተኛው ምስክሩን ያስገባል። መቶ ስንኝ ጽፎ መቀነስ የሚሻል የሚመስላቸው አሉ። በተግባር የሚሆነው ግን ሕጉ በአሥረኛውና በሰባኛው ስንኝ ሁለት ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ጥላውን ሸጦ የነበረው ሰው ማሳው ዳር ጥላ ስር አርፎ ይገኛል፣ የገዛ ጥላው ስር።

ስለ አንባቢም ጥቂት ልበል፤ ንባቡም ሙያ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ንባብ በድምፅ ይሁን፣ ዕረፍቱ ላይ እያቆሙ፣ ወርቅ ሳይፈልጉ። ዘንዶ ካለ ዘንዶ ነው። ሁለተኛው ንባብ ሕጉን ፍለጋ ነው፦ እዚህ ዓለም ውስጥ ምን ይቻላል፣ ምን ያስከፍላል? ወደ ኅብሩ መሄድ ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ከወርቁ የሚጀምር አንባቢ ብዙውን ጊዜ ገጣሚው ያላሰበውን ፖለቲካ ቆፍሮ ያወጣና ግጥሙን እዚያው ይተወዋል። ደግሞም አስደናቂ ነገርን እንደ ራሱ መቀበል ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ 200 መላእክት ከሰማይ ወርደው ከሰው ልጆች ረዓይትን፣ ማለትም ግዙፋንን፣ ሲወልዱ፣ ሌዋታን በባሕር ጥልቅ ብሔሞት በምድረ በዳ ሲቀመጡ ይነግረናል። የአገራችን አንባቢ ይህን ሲያነብ «ረዓይት የምን ምሳሌ ናቸው?» ከማለቱ በፊት ቁመታቸውን ይጠይቃል።

በመድረክ ለሚያነብ ሰው ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ይህን ይመልከቱ፦

ዘንዶው ካመት ዓመት በዚህ ቀን ይበላል
የማዶው ያለቅሳል የወዲሁ ይስቃል

«ይበላል» ሲላላ ዘንዶው በላተኛ ነው፤ ሲጠብቅ የሚበላው እሱ ነው። ቀለሙ በሁለቱም ሦስት ስለሆነ ልኩ አይነካም፣ የሚያለቅሰውና የሚስቀው ወገን ብቻ ይገለበጣል። በወረቀት ላይ ሁለቱም አሉ፤ አፍ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። ስንኙን ሁለት ጊዜ ደግሞ ማለት የአዝማሪም የቅኔ አዋቂም ልማድ ስለሆነ መውጫው እዚሁ ነው፦ መጀመሪያ አላልቶ፣ ሲደግም አጥብቆ። በሁለቱ መካከል ማብራሪያ አይገባም። ገጣሚው ሌላ ሰው እንዲያነብለት ከሰጠ ግን ከቃሉ አናት ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግ፤ ፈጠራ ስሞቹንም በቀለም ከፋፍሎ ኅዳጉ ላይ ይጻፍለት።